የማሙሽ የውኃ እንሽላሊቶች

ሚያዝያ 9 ቀን።

ከማሙሽ ሁለት የውኃ እንሽላሊቶች አንዱ ሞቷል።

እትዬ፣ ሰላምታዬን ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት በሰላምታው ተሸሽጌ ሳልናገረው እንዳልቀር ፈርቼ ነው። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘሽ ነው? እንቅልፍስ? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ሻክሮብኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብለሽ አለፍሽው፣ እኔም እንዳመነ ሰው ወሬ ቀየርኩ። እኔ አለሁ። ወገቤም ሥራዬም እንደነበሩ ናቸው።

ታናሻችን ማሙሽ ካረፈ አራት ወር ሞላው። እሁድ እሁድ ስትደውዪ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ እነሱ ነው፤ የማሙሽ ልጆች ደህና ናቸው ወይ ትያለሽ። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፤ ከእሱ የቀረ ነፍስ ያለው ነገር እነሱ ብቻ ናቸውና አልፈርድብሽም። ሁለቱም ደህና ናቸው እልሻለሁ። ሦስት እሁድ ዋሽቼሻለሁ።

በዓይንሽ አላየሻቸውምና ልንገርሽ። ከመሃል ጣቴ ትንሽ ቢረዝሙ ነው። እንደ እንሽላሊት አራት እግርና ጅራት አላቸው፣ ቆዳቸው ግን እንደ እንቁራሪት ልስልስ ነው፤ ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው የበሰለ ብርቱካን። ማሙሽ እኔንና አንቺን በሚጠራበት ስም አንደኛዋን እትዬ፣ ሌላውን ጋሼ እያለ ይጠራቸው ነበር። እትዬ ትሉን ከጋሼ አፍ ነጥቃ ትበላና መልሳ እሱን ታሳድደዋለች። ጋሼ ደግሞ ከቅጠል ሥር ገብቶ ሰው እስኪረሳው ይተኛል። ይህን ስሰማ በታላቆችህ ትቀልዳለህ ብዬ ተቆጥቼው ነበር። ሳቂ፣ እሱም በጣም ስቆ ነበር።

ከሆስፒታል እንደማይወጣ ሲገባው አያያዛቸውን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈልኝ። በሳምንት አንዴ ከውኃው ሩቡን ብቻ ቀይር፤ የቧንቧ ውኃ በባልዲ ሳያድር እንዳትጨምር፤ ትሉን በሁለት ቀን አንዴ ስጣቸው፣ የተረፈውን አውጣ፤ ክዳኑን ግጠም፣ መስታወት ይወጣሉ፤ ቅጠሉ ከበዛ ከርክመው እንጂ አትንቀለው፣ ውኃውን የሚያጸዳው እሱ ነው፤ ከነካሃቸው እጅህን ታጠብ። አንዱንም አላጎደልኩም። ስለ ሙቀት ግን አልጻፈም። የእሱ ክፍል ፀሐይ የማታውቀው ምድር ቤት ነበር፣ ራሱም ካፖርት ለብሶ ነበር የሚቀመጥበት፤ ነገሩ ትዝም አላለው።

እኔ ደግሞ ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመጋዘኑ በረዶ ክፍል የሥጋ ካርቶን ሳወጣ እውላለሁ። ብርድ ከጠላት በላይ ጠላቴ ነው። የማሙሽ ክፍል ኪራይ ባለፈው ወር ሲያበቃ የሚኖሩበትን የመስታወት ገንዳ ወደ ቤቴ አምጥቼ እጄን ብነክርበት ብርዱ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። የማሙሽ አደራ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ዝም ብዬ ላይ ነው ወይ አልኩ። አልጋዬን ወደ በሩ ገፍቼ፣ ራሴ የምተኛበትን ከማሞቂያው ቱቦ አጠገብ ያለውን ቦታ ለቀቅኩላቸው።

ጋሼ ከቅጠሉ ሥር መውጣት ጀመረ። ከሥራ ስገባ ከውኃው ላይ ብቅ ብሎ አፉን ከፈት ከደን ያደርጋል። ለመደኝ፣ ሰው ናፍቆት ነው ብዬ ወንበር ስቤ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ስለ ማሙሽም አወራሁለት። ለካ ውኃው ሞቆ አየር አጥሮት ነው። ቅጠሉ ሟሟ፣ ውኃው እንደ ሩዝ እጣቢ ነጣ። በአምስተኛው ቀን ብርቱካኑን ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ አገኘሁት። ከግቢው ዛፍ ሥር በማንኪያ ቆፍሬ ቀበርኩት።

ማሙሽ ወደሚመላለስበት የዓሣ ሱቅ ሄጄ ለባለቤቲቱ ብነግራት፣ ቀቅለኸው ነዋ አለችኝ። ምላሷ ስለት ነው። ፊቴን ስታየው ደንግጣ፣ እነዚህ ብርድ ወዳድ ናቸው፣ ወንድምህ አልነገረህም እንዴ አለች።

እትዬ፣ ማሙሽም በመጨረሻው ሳምንት ሞቀኝ፣ ሞቀኝ ሲለኝ ብርድ ልብስ እደርብለት ነበር።

ገንዳውን ከቱቦው አራቅኩት። አሁን ግን የዚህ አገር ሙቀት ገባ፣ ክፍሌም ከጣራ ሥር ነው። የቀረችው ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ትል አልቀመሰችም። ስለዚህ ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ እርጥብ ቅጠል ያለበት ሳጥን ውስጥ ከትቼ ላስረክባት ወደ ሱቁ አመጣኋት። ይህን የምጽፍልሽ ከሱቁ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። ሴትዮዋ ገንዳ ልታዘጋጅ ወደ ጓዳ ገብታለች። በደንብ ከተያዘች ሃያ ዓመት ትኖራለች፣ ገና ግማሹን አልኖረችም አለችኝ። ቤትህ ልታኖራት ብትል በየቀኑ አንድ ጠርሙስ በረዶ ማንሳፈፍ ይኖርብሃል፣ ማቀዝቀዣ አለህ ወይ ስትል፣ የለኝም አልኳት። ገንዳው ላይ እንድጽፈው ማን ብለህ ነው የምትጠራት ስትለኝ ግን፣ ስትመለሺ እነግርሻለሁ አልኳት።

አሁን ስለ ሥራዬ የጻፍኩልሽን መልሼ አነበብኩት። ማቀዝቀዣ የለኝም ያልኩት ሰውዬ ቀኑን ሙሉ የምውለው በረዶ ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ዘበኛ በቀን አንድ ጠርሙስ በረዶ አይነፍገኝም።

ለአናጢው ባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፣ ጣቱ ዳነለት ወይ? ልብስ ሰፊዋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ሹራቡ እጅጌው አጥሯል፣ ግን ለብሼዋለሁ። የፊት ጥርሷ የወለቀውን የልጅ ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ። አንቺም ስለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ። የቀረችው ትኖራለች ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ ሁለተኛ መዋሸት አልፈልግም።

ከጓዳ የሚወርደው ውኃ ድምፁን አቆመ፤ ሴትዮዋ ልትመለስ ነው። እትዬን ለሰው ሰጥቼ ባዶ እጄን ቤቴ አልገባም። ሳጥኑ ጉልበቴ ላይ መሞቅ ጀምሯል። ከሰውነቴ አርቄ ይዣት ወደ መጋዘኑ እየወጣሁ ነው።