ወንበር የሌለው ስብሰባ

ይድረስ ለልጄ። በሄድሽበት እንቅፋት አይምታሽ፤ የእናትሽ ምርቃት ይከተልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የሰፈራችን ቦይ ድልድይ ተሰብሮ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት ጎርፉን እየረገጡ ነበር። ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ አዳራሹን የሚሞላው ወንበር ብቻ ነው። እኔም አልሄድም፤ ሰብሳቢው አንዴ ከጀመረ መች ያበቃል? አስተማሪዋ ጎረቤታችን ደጃፌ ድረስ መጥታ፣ "አባባ፣ ምን ብናደርግ ሰው ይመጣል?" አለችኝ።

"ድልድዩ ዳር፣ ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ ያለ ወንበር ጥሩት" አልኳት።

እንዳልኩት ጠራች። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ልብስ ሰፊው ጉልበቴን አይቶ፣ "ወንበር ላምጣልዎት?" ሲለኝ፣ "ለኔ ካመጣህ ሰብሳቢውም ይቀመጣል፤ ከዚያ ማን ያስነሳዋል?" አልኩት። ሰው ሳቀ፤ ሰብሳቢውም አሳጠረ። ማን ምን እንደሚያመጣ እዚያው ተነጋግረን ቅዳሜ ድልድዩን ሠራን። ሳንቃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሳንቃ ስንሸከም ስሙን የማላውቀው ጎረቤት እንዳለኝ አየሁ፤ ጠየቅሁት። አንቺም "የፊት ለፊት ጎረቤቴን ስም አላውቅም" ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣ አለ። ፈጣሪ ሰው አያሳጣሽ። እባክሽ ልጄ፣ በሯን አንኳኪ። የታመምሽ ቀን ከእኔ ይልቅ እሷ ትቀርብሻለች።

አባትሽ