አንጓዬን ጨብጠው “ጤነኛ ነሽ” ላሉኝ ሐኪም

መካኒሳ አቦ፣ ሚያዝያ 1989 ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር እስጢፋኖስ
የድርጅታችን ክሊኒክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ጤናዎን እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ፤ በተለይም የቀኝ እጅዎን። ይህን የምመኘው ከልቤ ነው፤ ክቡርነትዎ አንድ ቀን ታመው በራስዎ ክሊኒክ ለመታከም ቢገደዱ ከጸሎት በቀር ምንም እንደማይቀርልዎ ቀምሼ አይቼዋለሁና።

ስሜ አፀደ ገሠሠ ይባላል። ስሙን ለክብሩ ስል በማልጠራው ድርጅታችን ውስጥ ጉልምስናዬን የጨረስኩት የአማርኛ ታይፕ ስመታ ነው። በስሜ ካላስታወሱኝ “ያቺ የምትጮኸዋ” ቢባሉ ያስታውሱኛል፤ በክሊኒኩ ኮሪደር ያወጡልኝ ስም ይኸው ነው። አቤቱታዬን በግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ ማቅረቤም ለክብርዎ ንቀት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ፤ ቢሮዎ ገብቼ በለሆሳስ የነገርኩዎትን ሁሉ ስላልሰሙኝ፣ ምናልባት ሕዝብ ሲሰማ አብረው ይሰሙ ይሆናል ብዬ ነው። እነሆ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ መስኮቱ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚ ጣቴና የመሐል ጣቴ ሌሊት እየደነዘዙና እየነዘሩኝ ከእንቅልፌ እንደሚያባንኑኝ፣ ተነሥቼ እጄን ሳራግፈው ደግሞ ጥቂት እንደሚለቀኝ፣ ትንሿ ጣቴ ግን ምንም እንደማትሆን አንድ በአንድ ነገርኩዎ። ክቡርነትዎ ከጠረጴዛዎ ቀና ሳይሉ “ብርድ ነው፣ መስኮት ዝጊ” አሉኝ። ባለቤቴ ኢያቄም የሐኪም ቃል አክባሪ ነውና የመኝታ ቤታችንን መስኮት በጋዜጣና በሙጫ አሽጎ፣ የካቻምናን መጋቢት ሙሉ በላብ ተጠምቀን አሳለፍን። ብርዱ ከቤታችን ወጣ፤ ከእጄ ግን አልወጣም።

2ኛ. ስለ መርፌውም አመሰግናለሁ። ሁለተኛ ስመጣ የቪታሚን መርፌ አዘዙልኝ፤ እሱም መቀመጫዬ ላይ ተወጋ። ያጠፋው እጄ ሆኖ ሳለ የተቀጣው መቀመጫዬ የሆነበትን ምክንያት የሕክምና ትምህርት ስለሌለኝ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ለአንድ ሳምንት ያህል ግን ወንበር ላይ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ታይፕ ስመታ የሰነበትኩ መሆኔን ለሳይንስ ይጠቅም እንደሆነ እገልጻለሁ።

3ኛ. ይህኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። በሦስተኛው ጊዜ የመጣሁት ሕመሙ ወደ ቀን ዞሮ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ ጣቶቼን መጨበጥ ሲያቅተኝ ነው። እርስዎ በዚያ ቀን እንደ አጋጣሚ ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ በሽተኛው ሁሉ እያየ፣ እጅዎን ዘረጉልኝ። እኔም መዳፌን እንዳይጨብጡብኝ ፈርቼ አንጓዬን ሰጠሁዎ። መቼም ጨዋ አሳዳጊ ያሳደገዎ ሰው ነዎትና፣ ሊጥ ያቦካች ወይም ከማዕድ የተነሣች ሴት እንደምታደርገው እጄ ቆሽሾ፣ የታይፕ ሪቫን ቀለም ነክቶኝ መሰለዎ። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አንጓዬን ጥርቅም አድርገው ያዙና፣ ፍቅርዎን ለመግለጽ በአውራ ጣትዎ መሐሉን ጫን አደረጉት። ያን ጊዜ አንዳች ኤሌክትሪክ ከአንጓዬ ተነሥቶ እስከ ሦስቱ ጣቶቼ ጫፍ ሄደ። ጮህኩ። እጄንም መንጭቄ አስጣልኩ።

ክቡር ሆይ፣ በሐኪምነት ዘመንዎ ትክክለኛ ምርመራ ያደረጉት ምናልባት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነበር። በሽታው ካለበት ቦታ ላይ ጣትዎን አሳረፉ፤ በሽታውም በቃሉ “አለሁ” ብሎ መለሰልዎ። እርስዎ ግን ሰላምታ መስጠትዎ እንጂ መመርመርዎ ስላልነበረ አልሰሙትም። “ምነው ሴትዮ፣ ገደልኩሽ እንዴ?” ብለው ኮሪደሩን አሳቁብኝ።

4ኛ. በዚያው ዕለት ለአስተዳደር “ሠራተኛዋ ጤነኛ ናት፤ ጩኸቷ የጠባይ ነው” ብለው በፊርማዎ ስለመሰከሩልኝም አመሰግናለሁ። ጠባየኛ ሥራ ሲበዛበት ይታረማል ተብሎ ይመስለኛል፣ ወዲያው ስቴንስል ላይ ተመደብኩ። የማባዣውን ሰም የተቀባ ወረቀት ለማያውቁት ክቡርነትዎ ላስረዳ፤ ፊደሉ ሰሙን ቀዶ ካላለፈ አይታተምም፤ ስለዚህ ጣት አይነካውም፣ ይደበድበዋል እንጂ። የእኛ ፊደል ደግሞ አካሉ አንዴ፣ ቅጥያው ሌላ ጊዜ ይመታል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ አበው። እኔ አልደበቅኩም፤ ኮሪደር ላይ ጮህኩት። ጮሆ የተናገረ ስቴንስል እንደሚታዘዝለት ግን አበው አልነገሩንም።

እንዲህ እያልኩ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ማንኪያ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ኢያቄም ከወንድሙ ተበድሮ ወደ አንዲት የነርቭ ሐኪም ወሰደኝ። ሴትዮዋ መስኮት አልጠየቀችኝም። “ሌሊት ሲያባንንሽ እጅሽን ምን ታደርጊዋለሽ?” ብቻ አለችኝ። እንደ ወትሮዬ አራግፌ ሳሳያት ፈገግ አለች። ከዚያ የሁለቱን እጆቼን ጀርባ አጋጥሜ አንጓዬን አጥፌ እንድቆይ አዘዘችኝ፤ ጣቶቼ ወዲያው ደነዘዙ። ቀጥላ እርስዎ የተጫኗትን ያቺኑ ቦታ በጣቷ ጫፍ መታ መታ አደረገቻት፤ ኤሌክትሪኩ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ካርፓል ተነል ይባላል አለችኝ፤ አንጓ ውስጥ ነርቩ የሚያልፍበት መንገድ ጠቦ ነርቩን እያነቀው ነው።

መድኃኒቱንም ነገረችኝ። በጊዜ ብመጣ ኖሮ ሌሊት አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር፣ ከታይፕ ማረፍ፣ ካልሆነም አንዲት መርፌ ይበቃኝ ነበር፤ እሷም አንጓ ላይ እንጂ መቀመጫ ላይ አይደለም። አሁን ግን የአውራ ጣቴ ሥር ሥጋው ሟሙቶ ስላገኘችው ወደ ቀዶ ጥገና ላከችኝ። ተቀደድኩ፤ መተላለፊያው ተከፈተ። ሌሊት እተኛለሁ፤ ለዚህ እሷን ያክብርልኝ። የሟሟው ሥጋ ግን አልተመለሰም። ሐኪሟም እንደማይመለስ ሳትሸነግለኝ ነገረችኝ። ዛሬ ጨው መቆንጠጥ አልችልም። የቀሚሴን ቁልፍ የሚቆልፍልኝ ባሌ ነው። ታይፑ ቀርቶብኝ መዝገብ ቤት ፋይል አቀባይ ሆኛለሁ፤ በግራ እጄ። ዶክተር፣ በዚህ ላይ የምቀልድበት ቃል አጥቻለሁ። እጄን ነው ያጠፉብኝ። ባያውቁት አልፈርድብዎም፤ ሳያውቁ “አውቄያለሁ” ብለው ስለፈረሙ ግን እስክሞት እፈርድብዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ እየተናገርኩ የጻፈልኝ ኢያቄም መሆኑንም ሳልገልጽ አላልፍም። እርስዎን የጠራሁባቸውን አንዳንድ ስሞች መጻፍ ነውር ነው እያለ በየቦታው “ክቡር” እያለ ተክቷቸዋል። ስለዚህ “ክቡር” የሚለውን ባነበቡ ቁጥር እኔ ምን ብዬ እንደነበር እንዲገምቱ በትሕትና አሳስባለሁ።

ሰላምታዬን እነሆ፤ መጨበጡ ይቅርብን።

ጠባይዋ ከነርቯ ቀድሞ የተመረመረላት፣
አፀደ ገሠሠ

ማስታወሻ፦ በእኔ ወንበር የተተካችው ሙፊዳ ባለፈው ሳምንት መዝገብ ቤት በር ላይ ቆማ ቀኝ እጇን ስታራግፍ አየኋት። ሌሊት ያባንናት እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ማን ነገረሽ ብላ ደነገጠች። ሰኞ ጠዋት ወደ እርስዎ ትመጣለች። ሰላም ስትልዎ አንጓዋን ከሰጠችዎ እጇ የቆሸሸ እንዳይመስልዎ፤ እኔው ራሴ በሳሙና አስታጥቤ ልኬልዎታለሁ።