እናትሽ ያለችው

ለልጄ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፤ ደም አይወጣኝም። ሾርባዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ሸሚዜን አጥባለሁ፣ የወለቀ ቁልፍ እተክላለሁ። ደረጃውን ወርጄ እወጣለሁ፤ ሠላሳ አራት ነው። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ስንት እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። መዶሻም ከእጄ አልወጣም፤ ባለፈው ሳምንት ለታችኛው ፀጉር አስተካካይ የቆሻሻ ማፈሻ ቀጥቅጬ ሰጠሁት። "አባዬ እንዴት ነህ?" ላልሽው መልሱ ይኸው ነው።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? ቀኑን ሙሉ ለዚያች ቀዳዳ እያጎነበሱ ትኬት መቁረጥ እንኳን ሰውን ብረትንም ያጎብጣል። ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ፣ ፌንጣዬስ፣ ዛሬም ስትሄድ ትዘላለች ወይስ ትልቅ ሰው ሆንኩ ብላ መራመድ ጀመረች? ሁላችሁንም በያላችሁበት ደህና ያድርጋችሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መነጽሬን ያኖርኩበት ስለጠፋኝ የላይኛዋ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ አነበበችልኝ። የእኔን ጆሮ ታውቂዋለሽ፤ አርባ ዓመት ቆርቆሮ የተቀጠቀጠበት ጆሮ ነው። ስለዚህ እየጮኸች አነበበችው። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ "እንኳን ደስ ያለዎት፣ የልጅ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት አሉ" አለኝ። ደረጃው ላይ ያገኘኋት ሴትዮ ደግሞ "ትምህርቷን ትታ እርስዎን ልትጦር ነው አሉ፣ ምን ዓይነት የተባረከች ልጅ ናት!" አለችኝ። ደብዳቤሽን ሕንፃው በሙሉ ሰምቶታል። መልስ ያልሰጠሁ እኔ ብቻ ነኝ።

መልሴ እንዲህ ነው፤ እንዳትመጣ።

ፌንጣ "አንድ ዓመት ብቻ አያቴ ጋ ልሁን፣ ዓይኑ አስቸግሮታል፣ ዩኒቨርሲቲው እንደሆነ የትም አይሄድም" አለች ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ ደግሞ "እኔም ለእናቴ አድርጌዋለሁ፣ እንዴት ብዬ ልከልክላት?" አልሽ። እዚህ ላይ ነርሷን አስቁሜ ድገሚልኝ አልኳት። ስትደግመው ድምጿ ቀነሰ፤ እኔ ግን ሰማሁት።

መልሱን ልጻፍልዎ አለችኝ። እጄ አልተቆረጠም አልኳት። ተቀየመች መሰለኝ። ግን ይህን ነገር በሌላ ሰው እጅ ማጻፍ አይሆንልኝም። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ። ሰባተኛ ክፍል ሆነሽ፣ በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በጠመኔ እየጻፍሽ፣ ስሳሳት ጠረጴዛውን በማስመሪያ እየመታሽ። እናትሽ ከጓዳ ሆና "መምህር፣ ተማሪሽን ልቀቂልኝ፣ ምሳው በረደ" ትል ነበር። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የአንቺ ሥራ ነው፤ ስህተቱንም ተካፈይኝ። መስመሩ ቀጥ ማለቱ አይግረምሽ። ከቆርቆሮ መስኮት መስኮት ያለው ማስመሪያ ቆርጫለሁ፤ እጄ በመስኮቱ ውስጥ ይሄዳል። አንዱ መስመር ሌላው ላይ ወጥቶ ካገኘሽው ማስመሪያው ተንሸራቶ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስዞር እንደዋልኩ አንቺም አላጣሽውም።

እኛ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች የሰው ድምፅ አንሰማም፤ ከንፈር እናያለን። አሥር መዶሻ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ጩኸት ዋጋ የለውም። እናትሽ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ትቆምና ድምፅ ሳታወጣ ታወራኝ ነበር። የቤቱን ወሬ በሙሉ፣ የአንቺን ጉንፋን፣ የጎረቤቱን ጠብ። ጓደኞቼ "ደግሞ ያቺ ዲዳ ሚስትህ መጣች" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ለዚህ ነው ያ ሕመም ግማሽ አካሏን ሲይዛትና ምላሷን ሲያስራት፣ ሐኪሙም አንቺም የምትለውን መለየት ሲያቅታችሁ፣ እኔ የለየሁት። ውኃ ስትል ውኃ፣ አዙሩኝ ስትል አዙሩኝ። አንቺ "አባዬ፣ ምን አለች?" ትያለሽ፣ እኔ እነግርሻለሁ። በቤቱ ውስጥ የእሷ አፍ እኔ ነበርኩ።

ያንቺ የዩኒቨርሲቲ ወረቀት የመጣው እሷ በታመመች በሦስተኛው ወር ነው። ሒሳብ ልትማሪ። ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። እኔ ከአንድ ቆርቆሮ አራት ባልዲ ሳወጣ ስኖር፣ አንቺ በአሥራ አምስት ዓመትሽ ወረቀት ላይ አስልተሽ አምስት ያስወጣሽኝ ልጅ ነሽ። ይዘሽው የምትሄጂውን የቆርቆሮ ሳጥንም ገና እሷ ሳትታመም ነበር የጀመርኩት። ክዳኑን ሁለት ጊዜ አፍርሼ ሠርቼዋለሁ፣ ውኃ እንዳያስገባ። ይህን የምነግርሽ መጀመሪያ ልልክሽ አስቤ እንደነበር እንድታውቂ ነው። ምናልባትም ለራሴ ነው የምናገረው።

ቀኑን ታስታውሺዋለሽ፤ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ አልጋዋ መስኮቱ ሥር። ትራስ ደግፈን አስቀመጥናት። አንቺ ወረቀቱን ይዘሽ አጠገቧ ተንበረከክሽ። "እማዬ፣ ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ፣ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ፤ ፍረጂልኝ" አልሻት። እሷም ተናገረች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም። ከዚያ ዞር ብለሽ "አባዬ፣ ምን አለች?" አልሽኝ።

እኔም "ጥለሽኝ አትሂጂ አለች" አልኩሽ።

እንደዚያ አላለችም።

ያለችውን በኋላ እጽፈዋለሁ፤ መጀመሪያ የእኔን ልጨርስ።

ያችን ደህነኛዋን እጇን፣ ግራዋን፣ አነሳች። እኔ ቶሎ ብዬ ያዝኳትና ብርድ ልብሱ ላይ መልሼ ተጫንኳት። አንቺ እየዳበስኳት መስሎሽ ፈገግ አልሽ። እንባዋ ሲወርድ ደግሞ "አየሽ፣ ደስ ብሏት ነው" አልኩ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፍሽው፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተትሽው። "እሺ እማዬ፣ አንድ ዓመት ብቻ" ብለሽ ግንባሯን ሳምሻት። አንድ ዓመት ያልሽው ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው፣ መምህር።

ለምን ብትዪኝ ፈርቼ ነው። ሥራውን አይደለም የፈራሁት፤ ማጠቡንም ማገላበጡንም እችለው ነበር። ቤቱን ነው የፈራሁት። አንቺ የሌለሽበትን፣ እሷም ዝም ያለችበትን ቤት። "ልጄ፣ እባክሽ ለእኔ ስትዪ ቅሪ" ብዬ መለመን ደግሞ ሞት መሰለኝ። እኔ ማንን ለምኜ አውቃለሁ? ስለዚህ በእሷ አፍ ለመንኩሽ።

ከማግስቱ ጀምሮ እኔ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ጀመር። አንቺ ብርሃኑ ዓይኗን ወግቷት ነው ብለሽ መጋረጃ ሰፋሽላት። ሐኪሙም ሕመሙ ጠንቶባት ነው አለ። እኔም "ነው" አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ እስክታርፍ ድረስ፣ ከንፈሯን አላየሁትም። መጋረጃሽ አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። አላወረድኩትም።

ስትቀበር አልቅሰሽላታል። ከዚያ ወዲህ ግን መቃብሯ ላይ አልቆምሽም። አንድ ቀን፣ ትኬት ቤቱ የገባሽ ሰሞን፣ "እናት ሆና እንዴት ቅሪ ልትለኝ አስቻላት?" አልሽኝ። እዚያው ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። ያወጣሁት ግን "የታመመ ሰው አይፈረድበትም" የሚል ቃል ነው። እሷን ይቅር እንድትያት ለመንኩሽ። አየሽ ድፍረቴን!

በደብዳቤሽ "እኛ ቤት ና" ማለትሽንም አልጠላሁም፤ ግን እዚህ ግድግዳውን በእጄ አውቀዋለሁ። ለፌንጣ እንዲህ በያት፤ አያትሽ ሽማግሌ ነው፣ ግትር ነው፣ ሾርባውም ጨው ይበዛበታል፤ ለእሱ ብሎ የሚቀር ሰው ግን ከእንግዲህ አይፈልግም። በያት እንጂ ከእኔ ነው አትበያት፤ ከእኔ ከሆነ ትሟገትሻለች። የተከፈተ በር ይጠብቃት። የምታሰላው ሁሉ ልክ ይምጣላት፣ ክፉ ዓይን አይያት፣ እግሯን እንቅፋት አይምታው። አንቺንም ወገብሽን ያጽናልሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም፤ ተናድደሽ ሳትጽፊልኝ ብትከርሚም ተገቢ ነው።

ዕዳ ይዤ መሄድ አልወድም። የቀሩብኝ ጥቂት ናቸው፣ ሁሉንም ራሴ እከፍላለሁ።

ፀጉር አስተካካዩን አሸንዳህን ከዝናብ በፊት እደፍንልሃለሁ ብዬው ነበር፤ ነገ እጀምረዋለሁ። መሰላሉን እሱ ይያዝልኝ።

ነርሷ ሁለት ዓመት ሙሉ "ከምሠራው ምሳ ላምጣልዎ፣ መድኃኒትዎንም ልይልዎ" እያለች ለምናኛለች። የአንድ "እሺ" ዕዳ አለብኝ። ይህ ከሁሉም የከበደኝ ነው። ግን ዛሬ ከሰዓት ይህን ደብዳቤ እንድታሽግልኝ ሳስረክባት እላታለሁ። ከፍ አድርጌ እላታለሁ፤ ሕንፃው ይስማኝ።

ለሳጥኑ አዲስ እጀታ አበጅቼለታለሁ። ቅዳሜ በአውቶቡሱ ሹፌር እልከዋለሁ፤ የፌንጣ ነው። ወረቀትሽ ዛሬም ውስጡ ነው፣ አራት ቦታ እንደታጠፈ። እኔ አልነካሁትም።

መቃብሯ ጋ እሄዳለሁ። ነርሷ እስከ በሩ ታደርሰኛለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሴ እችለዋለሁ። እናትሽን በድምፅ እነግራታለሁ፤ ከንፈር ለከንፈር የምንነጋገርበት ጊዜ አልፏል።

የመጨረሻው ያንቺ ነው። "አባዬ፣ ምን አለች?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሳልጨምር ሳልቀንስ እንዲህ አለች፦

"ሂጂ ልጄ። እሱን ተይው፤ ፈርቶ ነው።"

ፊደል ያስቆጠርሽው
አባትሽ