ለመንገድ መዝጊያ የተሰጠው አልጋ

ሩታ፣

በዚህ ቤት የእኔን ሥራ እንደ ሥራ የሚያይ የለም። ጓሮ ያቆምኩት እንጨት ማገዶ መስሎሽ፣ መንገድ ለሚዘጉት ልጆች «ያንን ውዳቂ ውሰዱት» ብለሽ ሰጠሽ። ጎማዬንም መረቅሽላቸው። ደግ ነሽ።

ማገዶ አልነበረም፤ አልጋ ነበር። ራስጌው ከፈረሰ ቤት የተነቀለ በር ነው፤ እግሩ የገፈርሳ ባሕር ዛፍ። ጎማውን እንደ ጠፍር ሰንጥቄ ልወጥርበት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የዛገ ሚስማር ሳቃና የከረምኩት ሥራ ፈትቼ መሰለሽ?

ለማን እንደሆነ አልነገርኩሽም። እሱ የኔ ጥፋት ነው።
ትናንት «ዓይን የለሽም ወይ» ያልኩሽም...
ይሁን። ዓይን አለሽ።

አሁን ላመጣው ወደ አስፋልቱ መሄዴ ነው። ኦቦ ጉተማ አብረውኝ ሊሄዱ በር ላይ እየጠበቁኝ ነው፤ ልጃቸው ድንጋይ ከሚደረድሩት አንዱ ነው፣ አባቱን ይፈራል። «እማማ አሰጋሽ፣ ወታደር መጥቷል፣ ይቅርብዎት» አሉኝ። «የእርስዎ ሚስት ሲሚንቶ ላይ ነው የታረሱት?» አልኳቸው። ከዘራቸውን አነሱ።

ጎማው ከነደደ ነደደ። በሩን ግን አልተውላቸውም።

ሽሮው ተከድኗል። ተኩስ ከሰማሽ መስኮት ጋ አትቁሚ፤ ልፈልጋት ብለሽም እንዳትወጪ። ሆድሽ ገፍቷል፣ ከእንግዲህ መሬት መተኛት የለም። ብመጣም ባልመጣም ዛሬ የኔ አልጋ ላይ ተኚ፣ በግድግዳው በኩል። መጥቼ ተነሺ ብልሽ እንኳ እንዳትነሺ።