በአንተ ስም የደረሰው ሽጉጥ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሙነወር ሙከሚል፤ ካለህበት ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንደምን ነው? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ የጀርባህ ሕመምስ? ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ወፍሮብኝ ነበር፤ እማዬ «ደልቶታል» አለች፣ እኔ ደግሞ ጉንፋን ነው ብዬ ተከራከርኳት። ማናችን እንደረታን ንገረን። እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ለመዋሸትማ ስልኩ ይበቃ ነበር።

ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። አንተ በደወልክ ቁጥር እማዬ ከጎኔ አትጠፋም፣ ዓይኗን ትተክልብኛለች። ስለዚህ የጎረቤቴ የእትዬ ዘውደነሽ ልጅ ኡርጂ ነገ ንጋት ላይ ለአዲስ አበባ ተሳፍራ፣ ከዚያ ወደ ጅዳ ስትመለስ በእጇ ታደርስልኛለች። ኢማድ ኡካ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ያልንህ ውሸት ነው። ታናሽ ወንድማችን ኡካ አይደለም። እዚሁ መቱ ታስሯል፤ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እማዬም ከዚያ ወዲህ እኔ ዘንድ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አባባ ሲሞት በኮሮናው ምክንያት ለቀብሩ አልደረስክም፣ ለውርስ ክፍፍሉም እንደዚያው። በአርባኛው ቀን ኖፓ ቤታችን ሼኹና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ንብረቱ እየተቆጠረ ሲጻፍ፣ ከአባባ ሣጥን ሥር በሽርጥ የተጠቀለለው ሽጉጥ ወጣ። ታስታውሰዋለህ፤ አባባ በወጣትነቱ ቡና ይዞ ጎሬ ሲመላለስ ይታጠቀው የነበረው ነው። አሁን ምላጩ ዝጎ አይሳብም። ወረቀት የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም። የመሣሪያ አዋጅ ወጥቶ ቀበሌው «አስመዝግቡ» እያለ በድምፅ ማጉያ ሲለፍፍ፣ አባባ ከወሰዱብኝስ ብሎ ነገ ዛሬ ሲል ሞት ቀደመው።

ሼኹ ሽጉጡን ሲያዩ እስክሪብቷቸውን አቆሙ። ይህ እዚህ ባይጻፍ ይሻላል፣ ለፖሊስ ተናግራችሁ አስረክቡ አሉ። እማዬን ግን ታውቃታለህ፤ ከሟች ንብረት አንዲት መርፌ ብትደበቅ ሙከሚል በቀብሩ ይጠየቅባታል ብላ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ማን ይከራከራል? ከሚዛኑና ከስፌት መኪናው ቀጥሎ «አንድ ሽጉጥ» ተብሎ ተጻፈ። ሽጉጥ እንደ መሬት አይገመስም፤ ስለዚህ ለታላቁ ልጅ ይሁን ተባለና በአንተ ስም ደረሰ። ሁላችንም ፈረምን። አባባን ከጥያቄ ያዳንን መስሎን ደስ ብሎን ነበር የተነሣነው።

ኢማድ ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አጣ። የጋሼ ሙነወር ድርሻ ነው፣ ለአረፋ ሲመጣ ሕጋዊ ሆኖ ይጠብቀው አለና መቱ ወስዶ ሊያስመዘግብልህ ተነሣ። እንደ ሰው አስቀድሞ ቢጠይቅ፣ ወይ እዚያው ኖፓ ካለው ፖሊስ ጋር ቢነጋገር ምን ነበረበት? የሚኒባሱ ተሳፋሪ እንዳይደነግጥ ብሎ ለልጆቼ በሚያመጣው የጎደሬ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ኬላ ላይ ፍተሻ ነበር። ፖሊሱ ጎደሬውን ሲገለብጥ ሽጉጡ እጁ ላይ ወጣ፤ «ኩን ማሊ?»፣ ይህ ምንድን ነው አለው። ኢማድ የወንድሜ ነው፣ ላስመዘግብለት ነው ሲል፣ ሊያስመዘግብ የሚሄድ ሰው ጎደሬ ውስጥ ይደብቃል ወይ አሉት። እውነታቸውን ነው፤ እህቱ ባልሆን እኔም አላምነውም። በዚህ ዘመን ደግሞ ለጫካ ሰዎች ሊያደርስ ነበር ብሎ የሚጠረጥር አይጠፋም።

ለማን አቤት እንደምል ጠፋኝ። ማመልከቻ ጸሐፊው ጋሽ ቀኖ ዘንድ ሄድኩ፤ የአባባ ወዳጅ ስለነበሩ እውነቱን አልደበቁኝም። ፈቃድ ያልነበረው መሣሪያ በሽማግሌ ወረቀት አይወረስም፣ ሽጉጡን እርሺው አሉኝ። ለኢማድ የሚጠቅመው የክፍፍሉ ወረቀት ብቻ ነው፤ ሽጉጡን ከማንም እንዳልገዛው፣ ከአባቱ ሣጥን እንደወጣ የሚመሰክርለት እሱ ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ግን ዘህራ፣ ወረቀቱ ለታናሹ ሲያቀልለት ታላቁን ያስጠራዋል አሉኝ። ስምህ መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ አገር ስትገባ የሽጉጡ ባለቤት ተብለህ ትፈለጋለህ ማለታቸው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ስቄ የማልፍ ሰው ነበርኩ።

ወረቀቱ እማዬ ዘንድ ነበር። ጋሽ ቀኖ ያሉትን ስነግራት መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው፤ አንዱን ልጄን ለማውጣት ሌላውን አላስገባም አለች። በየቀኑ ስንቅ ይዛ ኢማድ ዘንድ ትሄዳለች። በሩ ላይ የሚቆመውን ፖሊስ ሽጉጡ የኔ ነው፣ እኔን እሰሩኝ ትለዋለች። እሱም «ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣ ቤትዎ ይግቡ» ይላታል። ባለፈው ዓርብ እኔም አብሬያት ገባሁ። ኢማድ ከስቷል፣ ያስለዋል። ስለ ራሱ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ጋሼ ሰማ ወይ፣ ተቆጣኝ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

ወንድምዓለም፣ ላማክርህ ፈልጌ ነበር። የኢማድ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ግን ነገ ነው፣ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስህ አይጠብቅም። ዛሬ ጠዋት እማዬ ለውዱእ መቀነቷን ፈታ ስታስቀምጥ ወረቀቱን ወስጄ ለጋሽ ቀኖ ሰጠሁ፤ ከማመልከቻው ጋር ገብቷል። አንተ ውጭ ነህ፣ እሱ ውስጥ ነው ብዬ ነው የመዘንኩት። ልክ ልሁን አልሁን አላውቅም። እማዬ እስካሁን አላወቀችም። በወረቀቱ ቦታ የልጄን የደብተር ቅጠል አጥፌ ቋጥሬላታለሁ። ይቅር በለኝ፤ ይቅር ባትለኝም አልፈርድብህም።

ባለቤቴ ሁንዴሳ ሰላም ይልሃል፤ ምን እንዳደረግኩ እሱም አልሰማም። ጀናት እግሯ ስላደገ የጫማ ቁጥሯ ሠላሳ አንድ መሆኑን ጻፊለት ብላኛለች። ኢህሳን ሰላምታውን እንዲያደርስ ስጠይቀው አፍሮ ሮጠ። እትዬ ዘውደነሽ በጸሎቴ አልረሳውም ብለዋል። ኢማድ ከእስር ቤት እጅህን ይስማል። እማዬ ደግሞ ታናሹ ታስሮም ቢሆን ኖፓ ሰው ልካ ክፍልህን ኖራ አስቀብታለች፤ ለአረፋ ይገባል እያለች ቀን ትቆጥራለች። በሚቀጥለው ስትደውል መቼ ነው የምትመጣው ትልሃለች። ኢንሻ አላህ በላት። አንተ ግን አትምጣ።

እህትህ ዘህራ ሙከሚል
መቱ፣ መጋቢት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.