ከስንጥቁ የወጣው ሐረግ

በአላህ ስም። ዛሬ ጁምዓ ሚያዝያ ፲፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ከሶላት በኋላ፣ እኔ ጣይባ ኡመር በሸዋ ሮቢት ከአባቴ በወረስሁት ቤት ሆኜ ይህን ተናዝዣለሁ። እግሬ ከአልጋ አልወርድ ቢለኝም አእምሮዬ ከእኔ ጋር ነው። ቃሌን የሚጽፉት አቶ ተፈራ ሀይሉ ናቸው። የደንበኞችን ስም ከብጣሽ ወረቀት ወደ ድንጋይ ማኅተም ስናሻግር ፊደል ለይቻለሁና፣ የጻፉትን እኔው በዓይኔ አነብበዋለሁ።

ማሳው፣ ላሞቹና የቤቱ ሁለት ክፍሎች የልጄ የሁሴን አደም ናቸው። ጣርማ በር ላይ መንገድ ሲሠራ ከርሞ ሰሞኑን ተመልሷል፤ ማረፊያ አያጣም። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም፤ ያለብኝ ከዚህ በታች ያለው ነው።

በምሥራቅ በኩል መስኮት ያለው ሦስተኛው ክፍል፣ ከነመቅረጫ ብረቶቹና ከሮቢ ወንዝ ከለቀምነው ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ ጋር፣ የጣውንቴ የናፊሳ ሰይድ ይሁን። ሼህ አብዱልሀኪም እንደ ነገሩኝ፣ ወራሽ ላልሆነ ሰው እስከ ሲሶ መናዘዝ ይፈቀዳል፤ ክፍሉም ከሲሶ አያልፍም። ሁሴን ክፍሉን ለአዲሱ መንገድ ተላላፊ ሻይ ቤት ሊያደርገው እንዳሰበ አውቃለሁ። ልጄ፣ ሻይ በየትኛውም ክፍል ይፈላል። የጧት ብርሃን አግድም ገብቶ የጭረቱን ጥልቀት የሚያሳየው ግን እዚያ ብቻ ነው።

ባለቤቴ አደም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ናፊሳን በላዬ ባገባ ዓመት፣ ለአንዲት ሙሽራ የምትቀርጸውን የአንገት ድንጋይ ከእጇ ነጥቄ ደጃፉ ላይ ወረወርሁት። መሐሉ ተሰነጠቀ። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ረስቼው አላውቅም። እርሷ አላለቀሰች፣ ለአደም አልከሰሰች። ድንጋዩን አንሥታ ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችና፣ እሱኑ ግንድ አድርጋ ግራና ቀኝ ቅጠል አወጣችለት። ሙሽራይቱ አሰረችው፤ ከዚያ ወዲያ ከአጣዬ እስከ ደብረ ሲና ሴቱ ሁሉ ያንኑ ፈለገ። ደንበኛ በደጅ የምቀበል እኔ ነበርሁና «የጣይባ ሐረግ» አሉት፤ እኔም ዝም አልሁ። ዛሬ እንኳ ያልተሰነጠቀ ደኅና ድንጋይ ሲመጣላት ናፊሳ መጀመሪያ የምትቀርጸው ስንጥቁን ነው።

እጇን ሳይ ኖሬ አልጠገብሁም። ንድፍ አትነድፍም። ድንጋዩን ጉንጯ ላይ አስደግፋ ትቆይና ትጀምራለች፤ ዱቄቱን እፍ የምትለው ቅጠሉ ሲያልቅ ብቻ ነው። አምና አንድ የጣሊያን ሹም የመንግሥቱን ምልክት ቅረጪልኝ ብሎ የራሱን ድንጋይ ቢያመጣ፣ አገላብጣ አየችና አስተርጓሚውን፣ «ድንጋዩ አልችልም ብሏል በልልኝ» አለችው። ሹሙ ድንጋዩን ይዞ ሄደ። እርሷም ያቋረጠችውን ቅጠል ጨረሰች።

ስለዚህ ይህ ቅርጽ ከእንግዲህ የናፊሳ ሐረግ ይባል፤ ሁሴንም ለጠየቀ ሁሉ እንዲሁ ይንገር።

አቶ ተፈራ እስከዚህ ሲያነቡ ናፊሳ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ኖሮ፣ ስሙንም ክፍሉንም አልቀበልም አለች። ሼሁ ለመኗት። ሁሴንም ሻዩን ደጅ አፈላዋለሁ፣ ግቢበት አላት። እርሷ ግን ወደ እኔ ዞራ፣

«እትዬ፣ አንቱ ባይወረውሩት ግንዱ ከየት ይመጣልኝ ነበር? ስንጥቁ የአንቱ፣ ቅጠሉ የኔ። ስሙ ባለበት ከቆየ ክፍሉን እወስዳለሁ፤ ካልሆነ ሻይ ይፈላበት» አለችኝ።

ተከራክሬ ተረታሁ። ስለ ስሙ ያዘዝሁት በእርሷ ቃል ተሰርዟል። ሆኖም አቶ ተፈራ እንዳይፍቁት፣ በቃሉ ላይ መስመር ብቻ እንዲስቡበት ነግሬአቸዋለሁ፤ የሚያነብ ሰው ከመስመሩ ሥር ያለውን ያንብብ።

ምስክሮች፦ ሼህ አብዱልሀኪም መሐመድ፣ ፊርማ። ጎረቤቴ አቶ ደሳለኝ ውቤ፣ የጣት አሻራ።
ልጄ ሁሴን አደም፦ ሰምቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ።
ጸሐፊ፦ ተፈራ ሀይሉ።

ናፊሳ ተቀባይ ናትና በምስክርነት አልቆመችም። እጄ ስለ ደከመ ግን እርሷ የቀረጸችልኝን ማኅተም አብራኝ ይዛ አተምነው። በመሐሉ ስሜ አለ፤ ዙሪያውን ሐረጉ።