በእስክሪብቶ ስለተነሣው የመምህርት ብሌን ፀጉር

ለተከበሩ አቶ ኒቆዲሞስ እንደሻው
በሐኪም ጋራ ግርጌ የሚገኘው የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር
ሐረር

ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የኬሚስትሪ መምህርት ብሌን ኃይሉ «ፀጉሯን እስክታስተካክል ድረስ» ከማስተማር መታገዷን የሚገልጽ፣ በእርስዎ የተፈረመ ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ቀኝ እጅዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቀኝ እጅዎን ለይቼ ያነሣሁት ሰሞኑን ከሥራ ድርሻው ውጭ ብዙ ስለደከመ ነው። የምጽፍልዎ እንደ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነው። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለተነገረኝ፣ ጊዜዎን ላለመሻማት በጋዜጣ መጻፉን መርጫለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች፣ መምህርት ብሌን ፀጉሯን ድሬድ ካደረገች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከሦስት ዓመት በፊት ሲቀጥሯትም እንዲሁ ነበረች፤ ከማመልከቻዋ ጋር የተያያዘው ጉርድ ፎቶግራፍ በእጅዎ ስለሚገኝ ሊያስተያዩት ይችላሉ። በሦስቱ ዓመታት ውስጥ ፀጉሩ ከትከሻዋ አልፎ ወደ ወገቧ ወርዷል። በማስተማሯ ላይ የቀረበ ቅሬታ ግን የለም።

ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች በቁጥር ያሰፈርኳቸው ለመልስ እንዲመችዎ ነው።

1ኛ. ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ተማሪዎች ገና ከሰልፍ ሳይበተኑ፣ መምህርት ብሌንን ወደ ፊት ጠርተው፣ ከደረት ኪስዎ ባወጡት እስክሪብቶ ከፀጉሯ አንዱን ዘለላ አንሥተው «ይሄ ነገር ይታጠባል?» ሲሉ ጠይቀዋታል። እሷም በየሳምንቱ ቅዳሜ እንደምታጥበው መልሳልዎታለች። እርስዎም እስክሪብቶውን በመሐረብ ጠርገው ወደ ኪስዎ መልሰዋል። እጅዎን ከአደጋ ለመጠበቅ ስላደረጉት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። አንድ ሰው የራሱን ፀጉር መቼ እንዳጠበ በአደባባይ እንዲመረመር የሚያዝ አንቀጽ ግን በትምህርት ቤቱ መመሪያ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። መመሪያው የሚለው «ንጹሕ» ብቻ ነው። ንጹሕ ላለመሆኑ ሊቀርብ የሚችለው ብቸኛ ማስረጃ መሐረብዎ ሲሆን፣ ከፊት የተሰለፉት ልጆች እንደነገሩን በመሐረቡ ላይ ምንም አልታየም።

2ኛ. በማግስቱ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከፊቱ የተቀመጠችውን ልጅ ሹሩባ በማስመሪያ አንሥቶ ያንኑ ጥያቄ ጠይቋታል። እርስዎም ሦስት ቀን አግደውት ወላጅ እንዲያመጣ አዘዋል። ቅጣቱ ተገቢ ነው። ጥፋቱ በእስክሪብቶ ፈንታ በማስመሪያ መጠቀሙ ከሆነ ግን፣ የሰው ፀጉር ማንሻ እንዲሆኑ የተፈቀዱ የጽሕፈት መሣሪያዎች ዝርዝር ለወላጆች ይላክልን። እርስዎን ወላጅ አምጡ የሚል አካል ካለም እንዲሁ ይገለጽልን።

3ኛ. በዚያው ሳምንት ለበር ጥበቃው ለአቶ ሙሜ የልብስ ሰፊ ሜትር ሰጥተው፣ የሚገቡትን ሴቶች ፀጉር እንዲለኩ አዘዋቸዋል። አቶ ሙሜ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ በሩን አሥራ አራት ዓመት የጠበቁ አዛውንት ናቸው። ሜትሩን በሁለት እጃቸው መልሰው ሲሰጡዎት የተናገሩትን እዚያው የነበርን ወላጆች ሰምተናል። «ዳይሬክተር፣ የባዕድ ሴት ፀጉር መንካት ለኔ ሐራም ነው። በእርስዎ በኩል ምን እንደሚባል አላውቅም። ጎረቤቶቼ ክርስቲያኖቹ ግን ነውር ሲሉት ሰምቻለሁ።» ለዚህ መልሳቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። አቶ ሙሜ ፊደል ስላልቆጠሩ ወረቀቱን በሩ ላይ ቆማ ያነበበችላቸው መምህርት ብሌን ናት። ማስጠንቀቂያው ለምን እንደተጻፈ እስኪገባቸው ድረስ ሁለት ጊዜ አንብባላቸዋለች፤ እስካሁን እንዳልገባቸው ግን ይናገራሉ።

የሥነ ሥርዓት ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በፈላና በር ሽንኩርት የሚሸጡት ወይዘሮ ኸዲጃ፣ መምህርት ብሌን ወደ ሥራ ስታልፍ ስድስት ወር ያህል ፀጉሯን ሲያዩ ከርመው፣ አንድ ቀን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው «ልጄ፣ ብነካው ይከፋሻል?» ብለው ጠየቋት። እሷም ጎንበስ አለችላቸው፤ በሁለት ጣታቸው ነክተው «ማሻአላህ» ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። አይ ብትላቸውም ኖሮ ወደዚያው ሽንኩርት ነበር የሚመለሱት። ወይዘሮ ኸዲጃ የትምህርት አስተዳደር ዲግሪ የላቸውም። እርስዎ እንዳለዎት ከቢሮዎ ግድግዳ ላይ አንብቤያለሁ።

4ኛ. ወደ ዋናው ልምጣ። ኅዳር 5 ቀን የቦርዱ አባል ጋሽ ዘውዴ በሽምግልና ወደ እናቷ ቤት ተልከው ነበር። ይዘውት የሄዱት ሐሳብ የእርስዎ መሆኑን ሳይደብቁ ተናግረዋል። ሐሳቡም መምህርቷ ፀጉሯ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለችው ስለት እንደሆነ በአንዲት ገጽ ጽፋ ብትፈርም፣ ጉዳዩ እንደሚዘጋ ነው። ስለት በከተማችን የተከበረ ነገር ነው። ምላጭ ሳይነካቸው አድገው ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ሄደው የሚላጩ ልጆች ከየሰፈሩ አሉ፤ የእርስዎም የበኩር ልጅ አንዱ ነበር። በበዓሉ ዕለት ፀጉራቸው ከኔና ከእርስዎ ዕድሜ የማያንስ ባሕታውያን ሲመጡ ጎንበስ ብለው መስቀላቸውን ሲሳለሙም አይቼዎታለሁ፤ እስክሪብቶ አላወጡም።

መምህርት ብሌን የመለሰችው አጭር ነበር። «ስለት የለብኝም ጋሼ። ፀጉሬ ነው።» እናቷ እያለቀሱ አንዲት ፊርማ ምን ይከብድሻል ቢሏት፣ በመልአክ ስም ዋሽታ ልጆች ፊት ቆማ እንደማታስተምር ነገረቻቸው። ጋሽ ዘውዴ «ልጄ፣ እውነት ተናግረሽ እንጀራሽን ከምታጪ…» ብለው ጀምረው፣ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጥተዋል። የእገዳው ደብዳቤ የተለጠፈው ከዚህ በኋላ በሳምንቱ ነው።

እንግዲህ ፀጉሩ ያው ፀጉር ነው። ርዝመቱም ያው ነው። ውሸት ሲነገርለት ንጹሕ፣ እውነት ሲነገርለት ቆሻሻ የሚሆንበትን ሂደት፣ የኬሚስትሪ መምህርት ብትኖራቸው ለልጆቻችን ታስረዳቸው ነበር። አሁን በሁለቱም የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ልጆቹ ባዶ ሰሌዳ እያዩ ይቀመጣሉ። ሰሌዳው በጣም ንጹሕ ነው፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

እስክሪብቶዎ በሰላም ወደ ወረቀት እንዲመለስ፣ መሐረብዎም ለጉንፋን ብቻ እንዲያገለግልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለእርስዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት የት እንዳስቀመጥኩት ፈልጌ ባገኘሁት ጊዜ ሳልዘገይ እንደምልክልዎ አረጋግጣለሁ።

ሥርጉት ዳዊት
ከፈላና በር
ሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎ ፀጉር ሰኔ ላይ ሽበት እንደነበረው፣ መስከረም ላይ ደግሞ ጠቁሮ እንደመጣ ሁላችንም አይተናል። ምን እንደተቀባ፣ በስንት ሳምንት እንደሚታደስ፣ ትራስ ላይ ይለቅ እንደሆነ አንድም ወላጅ አልጠየቀዎትም፤ አንጠይቅዎትምም። እንዲህ ነው የሚደረገው። ቦርዱ በመምህርት ብሌን ጉዳይ ለመወሰን የሚሰበሰበው ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እሷም እንድትገኝ ተጠርታለች። ቅዳሜ ፀጉሯን የምታጥብበት ቀን ስለሆነ፣ ዓርብ አጥባው ትመጣለች።